አንበሳው እስኪያገሳ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያችን በርጩማ ወደዚህ ሳቧት። አንቺም ልጄ በሩን ገርበብ አድርጊው፤ ነፋሱ ወሬያችንን ይዞት እንዳይሄድ። ዛሬ የማወራችሁ ድሮ በሰፈራችን፣ በቦሌ ሚካኤል፣ ስለነበሩ ሁለት ልጆች ነው። ነገሩ የፍቅር ነው። ግን በደርግ ጊዜ የነበረው ፍቅር እንደ ዛሬው በየካፌው ቁጭ ብሎ የሚሳሳቅ አልነበረም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ ኋላውን እያየ የሚሄድ ነበር።

ልጅቷ አፀደ ትባላለች። አባቷ ጓድ ገረመው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነበሩ፤ እሳቸው ሲያስነጥሱ ሦስት ቤት ወዲያ ያለው ሰው ሳይቀር "ይማርዎ" የሚላቸው። ልጁ ደግሞ ኣፅብሃ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው እንጨት ቤት አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ፣ ጸጉሩ ላይ ሰጋቱራ የማይጠፋው፣ ቀልደኛ ልጅ። እናቱ ወይዘሮ ሣባ ከአክሱም ወገን የመጡ ናቸው፤ ሰፈሩ "አደይ ሣባ" ይላቸዋል፤ እናታችን ሣባ እንደማለት። አባትየው ቀድመው ሲሞቱ፣ ኣፅብሃን አዝሎም አስተምሮም ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ሐጎስ ነው።

የሐጎስ ነገር ግን በደጅ አይነሳም ነበር። "የት ሄደ?" ያለ ሰው ካለ፣ "አገር ቤት ወርዶ ያርሳል" ይባላል። እውነቱ ጫካ መግባቱ ነው። ይህ የተሰማ ዕለት ቤቱ "የወንበዴ ቤት" ይባልና እናትም ልጅም የሚገቡበት አይታወቅም።

አፀደና ኣፅብሃ የተያዩት ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ነው። እሱ የተሰበረ አግዳሚ ሊጠግን መጥቷል፤ እሷ ለአባቷ ምሳ ይዛ መጥታለች። ምስማሩን ከአፉ አወጣና፣ "እህቴ፣ ይችል እንደሆነ እስቲ አረፍ በይበት" አላት። ተቀመጠች። አግዳሚው ቻለ፤ እሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲያ አልቻለችም።

አደይ ሣባ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። "የሊቀመንበር ልጅ ደጄን እንዳትረግጥ!" አሉ። "ልጅቷ ክፉ ናት አላልኩም። ግን አባቷ ምሳ ላይ አንድ ነገር ቢጠይቋት ምን ልትመልስ ነው?" አፀደ ይህ ጆሮዋ ደርሶ ብዙ አለቀሰች። ቢሆንም አንድ ሌሊት የቤት ፍተሻ ሊመጣ መሆኑን አባቷ ሲናገሩ ሰምታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ ሄዳ ለነአደይ ሣባ ሹክ ያለችው እሷው ናት።

አንድ እሑድ ታዲያ፣ ቅዳሴ አብቅቶ አፀደ ከቅጥሩ ልትወጣ ስትል፣ አንድ እጅ ክንዷን ያዛት። ዞር ብትል አደይ ሣባ ናቸው።

"ነይ ጓለይ" አሏት። ልጄ ማለታቸው ነው። እንዲህ ብለዋት አያውቁም፤ አፀደም ከቁጣቸው ይልቅ ይሄ አስፈራት።

ከጽዶቹ ጀርባ ወሰዷት። ፊታቸው እንደ ወትሮው ነው፤ ነጠላቸውንም ያጣፉት እንደ ማንኛውም እሑድ ነው። ግራ ቀኝ አዩና ሹራባቸውን ከወገባቸው ገለጥ አደረጉት። ከውስጥ፣ ማንም በማያየው ቦታ፣ ጥቁር መቀነት ታጥቀዋል።

"ሐጎስ?" አለች አፀደ፣ በከንፈሯ ብቻ።

ዓይናቸውን ጨፈኑላት።

"ከወዲያ የመጣ ዘመድ ነገረኝ። ነጠላዬን ነክሼ አደርኩ። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ከወዲያ ማዶ ያለው የአብዮት ጥበቃው አስፋው ነው፤ ሲያስል እንኳ እንሰማዋለን። እኔ አሮጊት ነኝ፣ እንባ መዋጥ ለምጃለሁ። ኣፅብሃ ግን... ሐጎስ ለሱ አባቱም ነው። ቤት ከነገርኩት ይጮኻል። ከጮኸ ደግሞ ያለኝንም አንድ ልጅ ይወስዱብኛል።"

"ሽማግሌዎች ቢመጡስ?"

"ሽማግሌ በማለዳ ተሰብስቦ ከኔ ቤት ሲገባ አባትሽ አያዩም?"

መርዶ እንዴት እንደሚነገር መቼም ታውቃላችሁ። ባለሐዘኑ ሳያውቅ በደንብ ይበላል፤ በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። ከዚያ ሲነጋጋ ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ ይመጣል፤ ሲወድቅ የሚይዘው ብዙ ክንድ አለ። አንዲት ልጃገረድ ብቻዋን፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ፣ መርዶ ስትነግር ማን ሰምቶ ያውቃል?

"አንቺ ንገሪው" አሉ አደይ ሣባ። "ክፉ ተናግሬሻለሁ፤ አልረሳሁትም። ግን የሚሰማው አንቺን ነው። የሊቀመንበርን ልጅ ደግሞ ማንም አይከተልም። ጩኸቱ ከማይሰማበት ውሰጂልኝ። ብቻ አደራ፣ አብልተሽው።" ከነጠላቸው ስር አንድ ጥቅል አወጡና አስያዟት። ህምባሻና የተቀቀለ እንቁላል ነው።

ጩኸት የማይሰማበት የት አለ? ላምበረት እንዳትወስደው ኬላ አለ፤ መታወቂያ ይጠየቃል። ቤተ ክርስቲያኑ ጆሮ አለው፤ ዛፉ ጆሮ አለው። አፀደ ቆማ አሰበች። ድንገት ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት ስድስት ኪሎ፣ አንበሳ ግቢ፣ የሄዱበት ቀን ትዝ አላት። ሥጋ ሲመጣላቸው አንበሶቹ ሁሉ አንድ ላይ ሲያገሱ በፍርሃት ያቅሟን ያህል ጮኻ ነበር፤ አጠገቧ የቆመችው አስተማሪ እንኳ አልሰማቻትም።

"አንበሳ ግቢ ነው የምወስደው" አለች።

አደይ ሣባ ግንባሯን ሳሟት። ጥቅሉ ገና ትኩስ ነበር። አፀደ ነጠላዋ ውስጥ ሸሸገችው።

* * *

አንድ አውቶብስ ላይ አብረው አልተሳፈሩም። እሷ ከሰፈር ተሳፈረች፤ እሱ ሃያ ሁለት ማዞሪያ ላይ ጠብቆ ገባ። እንደማይተዋወቁ ሆነው ነው የሚጓዙት። ብረቱን ይዞ ቆመና በሰው ትከሻ መሃል አያት። ሸሚዙ ተተኩሷል፤ ጸጉሩ ላይ ዛሬ ሰጋቱራ የለም። ዓይኑ ይስቃል። አፀደ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያ ፈገግታ እስከ ማታ እንደማይቆይ ከሱ በፊት የምታውቀው እሷ ነበረች።

ስድስት ኪሎ እንደወረዱ አላስቻለውም።

"አላልኩሽም! እናቴ ራሷ እኮ ናት ሂድ ያለችኝ! 'ከአፀደ ጋር አንበሳ ግቢ ሂዱ፣ ሃያ ሁለት ጠብቃት' አለችኝ። ሸሚዜንም የተኮሰችው እሷ ናት። ገባሽ? ወደደችሽ ማለት ነው! ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ እንልካለን።"

"አባዬስ?"

"ጓድ ገረመው ሽጉጥ ካወጡ ከአግዳሚው ስር እገባለሁ። የጠገንኩት እኔ ነኝ፤ ስፋቱን አውቀዋለሁ።"

ሳቀች ለመባል ጥርሷን አሳየችው።

ግቢው በቤተሰብ ተሞልቷል። ፎቶ አንሺው አብዱልጀባር ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ "ከጫካው ንጉሥ ጋር! ፎቶ! አይነክስም፣ ፎቶ!" እያለ ይዞራል። ኣፅብሃ እንደ ልጅ እየጎተተ ያዞራት ጀመር። ዝንጀሮዎቹ ጋ ደረሱ። አንዱ ሽማግሌ ዝንጀሮ ደረቱን ነፍቶ ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ሌሎቹ ከሥሩ ጸጉሩን ይቀምሉለታል።

"ይሄኔ ስብሰባ ላይ ናቸው" አለ ኣፅብሃ። "ሊቀመንበሩ ንግግር ሊያደርግ..."

"ዝም በል!" አፉን በእጇ ከደነችው። "ሰው ይሰማል!"

"የሊቀመንበሩ ልጅ እያለች ማንን እፈራለሁ?" አላት በጣቶቿ መሃል እየሳቀ።

ዔሊዋ ጋ ሲደርሱ ደግሞ ቁጢጥ ብሎ አያት። "ይቺ ታድላ። ቤቷን ይዛ ትዞራለች፤ ፍተሻ ሲመጣ አንገቷን ሰብሰብ ነው።" አፀደ ዔሊዋን አየቻት። እኛም ሁላችን አንገታችንን ሰብስበን አይደል የምንኖረው ብላ አሰበች፤ ልዩነቱ የኛ ቅርፊት ጭቃ ነው።

አብዱልጀባር ደረሰባቸው። "ሙሽሮች! አንድ ፎቶ!"

"እንነሳ" አለ ኣፅብሃ።

"አይሆንም።"

"አንዲት ብቻ! ለእናቴ እሰጣታለሁ።"

"አልነሳም አልኩህ!"

ድምጿ ከፍ አለ። ፎቶ አንሺው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። የኣፅብሃ የፊቱ ብርሃን ቀስ ብሎ ሲጠፋ አየችው፤ ኩራዝ ሲነፍሱት እንደሚጠፋ። የዛሬን ቀን፣ የዛሬን ሳቁን፣ ነገ በወረቀት ላይ እንዲያየው አልፈለገችም። ይህን ግን እንዴት ትንገረው?

ከአንበሶቹ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከብረቱ ኋላ አንዲት ሴት አንበሳ ወዲህ ትሄዳለች፣ ትዞራለች፣ ወዲያ ትሄዳለች። ጎፈሬያሙ ወንድ ተኝቷል። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ግን ከነሱ አልፎ፣ ከአጥሩም አልፎ፣ የማይታይ አገር ያያል።

"አፀደ" አለ ኣፅብሃ ዝቅ ብሎ። "ለሌላ ሰው ሰጥተውሻል አይደል? እሱን ልትነግሪኝ ነው ያመጣሽኝ?"

"ኧረ በፍጹም!"

"ታዲያ ለምንድን ነው የምትሸሺኝ? ከጠዋት ጀምሮ አንዴም አላየሽኝም። ልትተይኝ ከሆነ ንገሪኝና ይውጣልኝ።"

አፀደ ጥቅሉን ፈታችና ህምባሻውን ቆረሰችለት። "ብላ።"

ቆረሰ። "አንቺስ?"

"በልቻለሁ። ብላ።" እንቁላሉን ልጣ ሰጠችው። "በሞቴ ይቺን ጨምር። አንዲት ጉርሻ። ኣፅብሃዬ፣ በሞቴ..."

መንጋጋው ቆመ። የያዘውን ህምባሻ አየው። ከዚያ እሷን አያት፤ ትኩር ብሎ አያት።

"ለምንድን ነው ብላ ብላ የምትዪኝ?"

የእንቁላሉን ልጣጭ ከቀሚሷ አራገፈች።

"አባቴ የሞተ ጊዜ ልጅ ነበርኩ" አለ። "ዋዜማው ማታ አክስቴ እንዲህ አድርጋ እንቁላል ትልጥልኝ ነበር። 'በሞቴ' እያለች።" ህምባሻውን ጥቅሉ ላይ መለሰው። ሸሚዙን ዳሰሰ፤ የተተኮሰውን፣ እናቱ የተኮሱለትን። "እናቴን ጠዋት አይቻታለሁ። ማን ቀረኝ?"

ከንፈሩ ሊከፈት ሲል አፀደ በሁለት እጇ አፉን ያዘችው።

"ስሙን እንዳትጠራው! ገና ነው። አንበሳው እስኪያገሳ ጠብቅ።"

ያኔ ገባው። እናቱ ሸሚዙን ለምን እንደተኮሱ፣ ለምን እንደላኩት፣ ይህ ቦታ ለምን እንደተመረጠ፣ ሁሉም አንድ ጊዜ ገባው። ጩኸቱ ከደረቱ ሲነሳ፣ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ አየችው፤ ጥርሱን ገጥሞ መለሰው።

"መቼ ነው የሚያገሳው?" አለ። የሕፃን ልጅ ድምፅ ነበር።

"ሥጋው ሲመጣ።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"አሁን። አሁን ይመጣል። እኔን እየኝ። እኔን ብቻ እየኝ።"

"እንዴ! እንዴ! ጎረቤቶቼ!"

አፀደ ቀና አለች። አስፋው ነው። የግድግዳው አስፋው፣ የአብዮት ጥበቃው አስፋው፤ ትንሿን ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሌላውን በእጁ ይዞ ቆሟል።

"አደይ ሣባ ጠዋት 'አንበሳ ግቢ ሂዱ' ስትል በግድግዳው ሰማሁና፣ ልጆቹም አንበሳ አንበሳ ብለው ጨረሱኝ" አለ። "እሑድም ነው አልኩና ይዣቸው መጣሁ። አንቺ ደግሞ የጓድ ገረመው ልጅ፣ ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

በግድግዳው ሰማሁ። እንግዲህ ሌላስ ምን ሰምቷል? አፀደ የኣፅብሃን እጅ ጨመቀችው። እሱ መሬት መሬት ያያል፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ገመድ አክሏል። አንድ ቃል ቢናገር የሚወጣው ቃል አይሆንም።

"አንበሳ... አንበሳ ልናይ ነው፣ ጋሽ አስፋው።"

"እሱስ ምን ሆነ? ፊቱ አመድ መስሏል።"

በዚያች ቅጽበት ከወዲያ ጥግ የጋሪ ጎማ ተንቋቋ። ሥጋው መጣ። ሰዉ "መጣ! መጣ!" እያለ ወደ ብረቱ ጎረፈ። ተኝቶ የነበረው ጎፈሬያም ብድግ አለ። መጀመሪያ ከደረቱ ውስጥ፣ ከሩቅ እንደሚመጣ ነጎድጓድ፣ ጉምጉምታ ተነሳ። ሴቷ ተቀበለችው። ከዚያ የቀጣዩ ክፍል፣ ከዚያ የወዲያኛው፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ የብረቱ ዘንግ ዘመረ። ልጆች ጮኹ፣ እናቶች ጆሯቸውን ያዙ።

"አሁን!" አለች አፀደ። "አሁን፣ የኔ ጌታ፣ አሁን!"

ኣፅብሃ ብረቱን በሁለት እጁ ያዘና አፉን ከፈተ። ጉንጩ ሲሳብ፣ እንባው ሲፈስ ታያለች፤ "ሐጎስ" ሲል፣ "ወንድሜ" ሲል ከንፈሩን ታነባለች፤ ድምፁን ግን እሷም አልሰማችውም። አንበሳው ይጮኽለታል። ወንድሙን ማንም በማያውቀው ገደል የቀበረውን ዘመን ሁሉ አንበሳው ይጮኽበታል።

ግን አውሬ የሚያገሳው እስኪጎርስ ነው። ሥጋው ወደቀ፤ አንበሶቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ አሉ። የኣፅብሃ ጩኸት ግን ገና አላለቀም ነበር። "...ሜ!" የምትል አንዲት ጫፍ ግቢው ላይ ብቻዋን ቀረች።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። አስፋውም ዞረ።

ፍርሃት አንዳንዱን ያፈዛል፤ አንዳንዱን ደግሞ ያነቃል። አፀደ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እየሳቀች ነፍሷ ታለቅስ ነበር።

"ኧረ ጉድ ነው! አንበሳ ፈርቶ እኮ ነው! ወንድ ነኝ ሲለኝ ከርሞ!"

"አይዞህ ወንድሜ፣ ታስሯል!" አለ አብዱልጀባር ከኋላ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። "ኧረ ውኃ አምጡለት!" "እናቱን ጥሩለት!" አለ ሌላው። ኣፅብሃ ብረቱን እንደያዘ፣ እንባው ሸሚዙን እያራሰው፣ ሳቁን እንደ ዝናብ ቆሞ ተቀበለው። በሰው ፊት ማልቀስ የተፈቀደለት እንደ ፈሪ ብቻ ነበር፤ ፈሪ መባልን መረጠና ደህና አድርጎ አለቀሰ።

አስፋው ብቻ አልሳቀም። ልጁን ከትከሻው አወረደና ቀረበ።

"አንቺ ከሱ ጋር ምንሽ ነው?" አላት።

አፀደ የአባቷ ፊት ድቅን አለባት። ቢሆንም ወሬ ለሚፈልግ ሰው ሌላ ወሬ ካልሰጡት ያንኛውን ይቆፍራል።

"እጮኛዬ ነው" አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። "ለአባዬ ገና አልነገርኩም፣ ጋሽ አስፋው።"

ኣፅብሃ ቀና ብሎ አያት። ያቺ ቃል ምን እንደምታስከፍላት ያውቃል። አስፋው ሁለቱንም አየና ሰፊ እጁን ኣፅብሃ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

"ለአባትሽ አንቺው ንገሪያቸው፤ ከኔ አይሰሙም" አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ግድግዳው ለኔም ጭቃ ነው። ትናንት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።" ጉሮሮውን ጠረገና ጮክ አለ። "ዛሬ አመሻሽ ሬዲዮዬን ከፍ አድርጌ ነው የምከፍተው። ልጆቹ ማርሽ ይወዳሉ።"

ልጆቹን ይዞ ሄደ። ምን ማለቱ ነው? ማስፈራሪያ ነው? ምሕረት ነው? አፀደ አላወቀችም። እስከ ቦሌ ሚካኤል ድረስ፣ በአውቶብሱም በእግሩም መንገድ፣ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ሄደች። አሁን ግን ጎን ለጎን ነበር የሚሄዱት።

* * *

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አደይ ሣባ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። የልጃቸውን ዓይን አዩ፤ የአፀደን አዩ። ደጅ ላይ ሰው ያልፋል። አንዲት ቃል ብቻ ጠየቁ።

"በላህ?"

"በላሁ፣ አደየ" አለ ኣፅብሃ።

ሌላ አልተባባሉም። አፀደ አደራዋን አድርሳ ልትመለስ ስትል እጇን ይዘው ወደ ውስጥ ሳቧትና በሩን ዘጉ። እናትና ልጅ ተያዩ፤ ድምፅ የለም። ሁለቱም ነጠላቸውንና ሸሚዛቸውን ነክሰው፣ ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

ድንገት ግድግዳው ዘለለ። ከወዲያ ማዶ ሬዲዮ ተከፈተ፤ መለከቱ፣ ከበሮው፣ ማርሹ፣ ጭቃውን እስኪያራግፈው ድረስ። አደይ ሣባ ደንግጠው ወደ በሩ ዞሩ። አፀደ ግን ቆማ ሰማች። ከፍ አለ። ደግሞ ከፍ አለ። በዚያ ግድግዳ ማዶ፣ አስፋው እጁን ሬዲዮው ላይ አድርጎ እንደቆመ በዓይነ ሕሊናዋ ታያት።

"ያልቅሱ፣ አደይ" አለች። "ለእርስዎ ነው የከፈተው። አንበሳው ነው፤ እያገሳ ነው። ያልቅሱ።"

አደይ ሣባ ነጠላቸውን ገልብጠው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አወጡት፤ የሐዘንተኛ አደራረግ ነው። ከዚያ ወደ አፀደ መጡና የሷንም በገዛ እጃቸው ገለበጡላት። ይህን ለቤተሰብ እንጂ ለባዳ አያደርጉትም። "ስትወጪ መልሰሽ አስተካክይው፣ ጓለይ" አሏት። "አሁን ግን ከጎኔ ተቀመጪ።" ምንጣፉ ላይ በመሃላቸው ተቀመጠች፤ የሐጎስም ስም ጫካ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ቤት በድምፅ ተጠራ። እቤቷ አባቷ ይጠብቋታል፤ ፍርሃቱ አልሄደም። ግን ከዚያ ወዲህ የምትፈራው ብቻዋን አልነበረም።

እንግዲህ ልጆቼ፣ እናንተ ዛሬ በቀን ብርሃን ድንኳን ጥላችሁ፣ የሞተባችሁን በስሙ ጠርታችሁ ታለቅሳላችሁ። እሰየው ነው፤ እንዲያው ይሁንላችሁ። አንዲት ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንበሳ ግቢ የሄዳችሁ ዕለት፣ አንበሳው ሲያገሳ ልጆቹ ይጩሁ፣ ይሳቁ። እናንተ ግን ለአንዲት እስትንፋስ ዝም በሉና፣ ለማልቀስ የአውሬ ድምፅ የተዋሱትን አስታውሱልኝ።